ከሞት አፍ ስለተረፉ ሰዎች የሚተርኩ መጻሕፍትና ፊልሞች፦ ዕድሜው ለገፋ ሰው ምን ትመክራላችሁ?

የአባቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው ማንበብና ፊልም ማየት ሆኗል። በተለይ በባሕር፣ በበረዶ ወይም በጫካ ጠፍተው በሕይወት ስለተመለሱ ሰዎች የሚተርክ ነገር ካገኘ ሳይጨርስ አይነሳም። አሁን ግን የማቀርብለት እያለቀብኝ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ዝርዝሮች ብዙም አልረዱኝም። ግማሾቹ ለልጆችና ለጎረምሶች የተዘጋጁ ናቸው። የቀሩት ዞምቢና ፍንዳታ ናቸው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በጡንቻው ይተርፋል። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ራሱን የት ያገኛል?

እኔ የምፈልገው ትዕግሥት፣ ልምድና ብልሃት ሰውን ያተረፉበትን ነው። እውነተኛ ታሪክ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ልብ ወለድም ግን አልጠላም። የሄሚንግዌይን «ሽማግሌውና ባሕሩ» ደጋግሞ አንብቦታል። ሳንቲያጎ 84 ቀን ዓሣ ሳይዝ ቆይቶ እንደገና ጀልባውን ይዞ ሲወጣ አባቴ ሁሌም «ይኼ ነው ሰው!» ይላል። እንዲህ የሚያስብለውን ነገር ነው የምፈልገው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያነባል፤ ዓይኑ ግን ቶሎ ይደክማል። ፊልም ሲሆን እናቴም አብራ ታያለች፣ እሷ ደም ማየት አትወድም።

ደቡብ ዋልታ

እህቴ፣ ከዋልታ አሳሹ ከኧርነስት ሻክልተን ጀምሪ። የአልፍሬድ ላንሲንግን «ኢንዱራንስ» ማለቴ ነው። በ1959 የወጣ መጽሐፍ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ደራሲው በሕይወት የነበሩትን የጉዞው አባላት አነጋግሮ፣ የዕለት ማስታወሻቸውን አገላብጦ ነው የጻፈው።

በ1914 አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ተነሡ። በጥር 1915 መርከባቸው ኢንዱራንስ ዌዴል ባሕር ላይ በበረዶ ተያዘች። ከወራት በኋላ በረዶው ጨፍልቆ አሰመጣት፤ 28 ሰዎች ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ቀሩ። በሦስት ጀልባ ኤሌፈንት የሚባል ባዶ ደሴት ደረሱ። ከዚያ ሻክልተንን ጨምሮ ስድስቱ ርዝመቷ ሰባት ሜትር በማትሞላ ጀልባ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ማዕበል አቋርጠው ሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ገቡ። 22ቱ ኤሌፈንት ደሴት ላይ ቀርተው፣ ሁለት ጀልባ ገልብጠው ከሥሩ ተጠልለው ከአራት ወር በላይ ጠበቁ። በነሐሴ 1916 ሁሉም በሕይወት ወጡ።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ጀልባዋ ጉዞ ነው። ለአባትሽ ግን እኔ የምለው የጠባቂዎቹን ምዕራፎች ነው። መሪያቸው ፍራንክ ዋይልድ በየማለዳው «ጓዛችሁን ጠቅልሉ፣ አለቃው ዛሬ ሊመጣ ይችላል» ይላቸው ነበር። አለቃው ሳይመጣ ይመሻል። በማግስቱ ያንኑ ይላቸዋል። ማንም ሮጦ፣ ማንም ታግሎ አይደለም እዚያ የተረፈው። መጠበቅን እንደ ሥራ ይዘውት ነው። ብዙ የጠበቀ ሰው ይህን ከወጣት ይልቅ አጥርቶ ያነበዋል ብዬ አምናለሁ።

የጉዞው ፎቶ አንሺ ፍራንክ ኸርሊ የቀረጸውም ፊልም አለ፤ በ1919 የወጣ፣ ድምፅ አልባ። መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ ይዩት። ያቺ መርከብ በበረዶው መሐል ስትሰባበር በዓይናቸው ያያሉ።

እትዬ ንባብ

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄሽ ስለ እኔም ነው። ለአባትሽ ማሰብሽ ደስ ይላል። አንድ መጽሐፍ ልንገርሽና አንቺም አብረሽው አንብቢው።

የቬልማ ዋሊስ «ሁለት አሮጊቶች» ይባላል። በ1993 የታተመ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ የአላስካ የግዊቺን ሕዝብ ተወላጅ ናት፤ ታሪኩን የሰማችው ከእናቷ ነው፣ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣ ተረክ ነው። በከባድ ክረምት ረኃብ የያዘው ጎሳ ሁለት አሮጊቶችን በረዶ ላይ ትቶ ለመሄድ ይወስናል። አንዷ 80፣ ሌላዋ 75 ዓመቷ ነው። የአንዷ ሴት ልጅና የልጅ ልጅ እዚያው ቆመው ያያሉ። ፈርተው ዝም ይላሉ።

ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ተቀምጠው ሞትን ሊጠብቁ ነበር። ከዚያ አንዷ «መሞታችን ካልቀረ እየሞከርን እንሙት» የምትል ዓይነት ቃል ትናገራለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የምወደው። ወጥመድ እንዴት እንደሚጠመድ፣ የበረዶ ጫማ እንዴት እንደሚሠራ፣ ድሮ ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ቦታ ወዴት እንደሆነ ያስታውሳሉ። ሰው ሁሉ ሲያገለግላቸው የረሱት ዕውቀት አንድ በአንድ ይመለሳል። ሰውነታቸው ያማቸዋል፤ ደራሲዋ ይህን አትደብቅም። ጠዋት ከመኝታ መነሣት ራሱ ትግል ነው። እንዲያም ሆኖ ይነሣሉ።

የጎሳው ሰዎች በኋላ ምን እንደሚገጥማቸው አልናገርም። ግን ይቅር ማለት ለእነዚህ ሴቶች ቀላል አልሆነላቸውም፤ ደራሲዋም ቀላል አስመስላ አልጻፈችውም። እኔን ያስለቀሰኝ ያ ነው። በዕድሜዬ «አያስፈልጉም» መባልን የሚያክል ብርድ የለም። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ወላጁን በሌላ ዓይን ያያል።

ሌላም ልበልሽ። ለስላሳ ለስላሳውን ብቻ አትምረጪለት። እኛ ሞትንም ረኃብንም ሰምተናል፣ አይተናልም። የማንወደው ለማስደንገጥ ብቻ የሚፈስ ደም ነው።

የአባቷ ልጅ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ሲነግሩኝ ሌላ ነው። መጽሐፉን ለሁለቱም አነባለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እናቴም ትስማ።

ፊልም ወዳዱ

ፊልም ላይ እኔ ልግባ። ሁለት አሉኝ፣ ሁለቱም ለዚህ ጥያቄ የተሠሩ ይመስላሉ።

አንደኛው በ2013 የወጣው «ኦል ኢዝ ሎስት» ነው። ሮበርት ሬድፎርድ ብቻውን ይተውናል፤ ያኔ ዕድሜው ከ75 አልፎ ነበር። ገጸ ባሕርይው ስም እንኳ የለውም። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተኝቶ ሳለ ከመርከብ የወደቀ ኮንቴይነር ጀልባውን ይበሳዋል። ሬዲዮው በውኃ ይበላሻል። ፊልሙ ውስጥ ንግግር የለም ቢባል ይቀላል፤ ስለዚህ የግርጌ ጽሑፍ የማንበብ ጣጣ የለም። የምታዩት አንድ ሽማግሌ በጸጥታ ሲሠራ ነው፦ ቀዳዳውን ሲደፍን፣ የገባውን ውኃ ቀድቶ ሲያወጣ፣ በሴክስታንት ፀሐይን ለክቶ ያለበትን ሲፈልግ። አይጮኽም፣ አይሳደብም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትዕግሥቱ ያልቅና ይጮኻል። ያቺ ጩኸት ከመቶ ንግግር ትበልጣለች። ደም የለም ማለት ይቻላል፣ ለእናትሽ ይሆናል።

ሁለተኛው የአኪራ ኩሮሳዋ «ደርሱ ኡዛላ» ነው፣ 1975። የዚያ ዓመት የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካርን ያገኘ ነው። ቭላዲሚር አርሴንየቭ የተባለ ሩሲያዊ አሳሽ በጻፈው ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ነው። የሩቅ ምሥራቅ ሩሲያን ጫካ ካርታ ሊያነሣ የመጣ መኮንን ደርሱ ከሚባል የናናይ አዳኝ ጋር ይገናኛል። ደርሱ ብቻውን ጫካ ውስጥ የኖረ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። እሳትን፣ ውኃን፣ ነፋስን እንደ ሰው ያናግራቸዋል።

አንድ ትዕይንት አለ፤ ስለ መትረፍ ከተቀረጹት ሁሉ እኔ አንደኛ የማደርገው። ሁለቱ በረዶ የሸፈነው ሐይቅ ላይ መንገድ ይጠፋቸዋል። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ነፋሱ እየበረታ ነው። ደርሱ መኮንኑን «ሣር እጨድ! ቶሎ!» ይለዋል። መኮንኑ ለምን እንደሆነ አይገባውም፤ ያጭዳል። እስኪዝለፈለፍ ያጭዳል። ደርሱ ያንን ሣር በመለኪያ መሣሪያው እግር ላይ ደርድሮ ጎጆ ይሠራል፣ ሁለቱም ሌሊቱን ያልፋሉ። ካሜራው ርቆ ቆሞ ዝም ብሎ ያያቸዋል። ሙዚቃ አያጨናንቀውም። ጉልበቱ የወጣቱ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የሽማግሌው ነው፤ ሁለቱ ካልተጋገዙ ሁለቱም ይሞታሉ።

ቀድሜ ላስጠንቅቅሽ፦ በኋላ የደርሱ ዓይን እየደከመ ይሄዳል፣ መጨረሻውም ያሳዝናል። ዓይኑ ለሚደክም ሰው ይከብድ ይሆናል ብለሽ ካሰብሽ መጀመሪያ አንቺ እዪው። እኔ ግን አባቴን ይዤ ነው ያየሁት፤ ስለ ራሱ ዓይን በግልጽ ያወራኝ የዚያን ቀን ነው።

መርከበኛው

ባሕር ከተነሣማ ባልና ሚስት አብረው እንዲያነቡት አንድ አለኝ። ሞሪስና ማራሊን ቤይሊ የሚባሉ እንግሊዛውያን ናቸው። በ1973 ፓሲፊክ ላይ ዓሣ ነባሪ ጀልባቸውን መትቶ አሰመጠባቸው። በአንዲት የጎማ ጀልባና በአንዲት ትንሽ ታንኳ ወደ አራት ወር ያህል ተንሳፈፉ፣ በመጨረሻ የደቡብ ኮሪያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ አነሣቸው። ራሳቸው የጻፉት መጽሐፍ ርዕስ በቀኖቹ ቁጥር ነው የተሰየመው፦ «117 ቀናት»።

እዚያ ውስጥ የገረመኝ ማራሊን ናት። ዋና እንኳ አትችልም ነበር። የመርፌ ቁልፍ አጥፋ መንጠቆ ሠርታ ዓሣ ያጠመደችው እሷ ናት። ባሏ ተስፋ ሲቆርጥ ቀጣዩን ጀልባቸውን በወረቀት ላይ እየነደፈች፣ የሚሄዱበትን አገር እየቆጠረች ታጫውተው ነበር። ከተረፉ በኋላም እውነትም ሌላ ጀልባ ይዘው ወጡ። ለረዥም ዘመን አብረው የኖሩ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ብዙ የሚያወሩት ያገኛሉ፤ ማን ማንን እንደሚያቆም፣ መቼ እንደሚያቆም።

የስቲቨን ካላሃን «አድሪፍት»ም ጥሩ ነው፤ በ1982 አትላንቲክ ላይ 76 ቀን ብቻውን የተንሳፈፈ ሰው ነው። ግን መሣሪያ እንዴት እንደጠገነ በዝርዝር ያወራል። አባትሽ እጁ ሥራ የሚወድ ከሆነ ስጪው፣ ካልሆነ ይሰለቸው ይሆናል።

ወንዝ ተከታይ

በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ላይ የወደቀው አውሮፕላን ታሪክ ለምን አልተነሣም? 1972፣ 45 ሰው ተሳፍሮ 16ቱ ከ72 ቀን በኋላ የተረፉበት። በ2023 የወጣው «ሶሳይቲ ኦቭ ዘ ስኖው» ከዓመቱ ምርጥ ፊልሞች አንዱ ነው። ግን የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ሥጋ በልተው ነው የተረፉት፤ ለአረጋውያን ይህን ማቅረብ ነውር አይሆንም ወይ?

እትዬ ንባብ

ነውር የለውም፣ ልጄ። አይቼዋለሁ። ፊልሙ ያንን ነገር በአክብሮት ነው የያዘው፤ ሥጋውን አጉልቶ አያሳይም፣ ሰዎቹ ከሕሊናቸው ጋር ሲታገሉ ነው የሚያሳየው። አንዱ ለሌላው «እኔ ብሞት ሰውነቴን ተጠቀሙበት» ብሎ ይፈቅዳል። እኔ እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሜ ብዙ ጸለይኩ። የሞቱትም ልጆች ስማቸውና ዕድሜያቸው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ማንም አልተረሳም።

ለእኔ የከበደኝ የአውሮፕላኑ መውደቅ ነው። እሱ በጣም ያስደነግጣል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ያንን ክፍል አሳልፋችሁ አስጀምሩት። እንዲህ ማድረግ ሰውን አለማክበር አይደለም፤ ቀድሞ ተነግሮት ራሱ ከመረጠ ክብሩ ተጠብቋል። ሳይነግሩ መደበቅ ነው እኔን የሚያስከፋኝ።

ጋሽ መነጽር

እትዬ ትክክል ናቸው። እኔም ከእሳቸው ብዙ የማላንስ ነኝ፤ ስለ ዓይንና ስለ ጆሮ ልናገር፣ ማንም አላነሣውምና።

ታብሌት ላይ መነበቡ ፊደሉን የማተለቅ ዕድል ይሰጣል። ወረቀት ከሆነ በትልቅ ፊደል የታተመ ፈልጉ፤ የታወቁ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እንዲያ ይወጣሉ። ኦዲዮቡክ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ታሪክ ከወረቀት ይሻላል ብዬ እስከ መከራከር ድረስ እደርሳለሁ። ማዕበልን በጆሮ መስማት ሌላ ነው።

ፊልም ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛው የሚንቀጠቀጥ ካሜራ ነው፤ ራስ ያዞራል። ሁለተኛው ንግግሩ በነፋስና በሙዚቃ የሚዋጥበት ፊልም ነው። ጆሮው የደከመ ሰው ግማሹን ሳይሰማ ይቀርና «አልወደድኩትም» ይላል። ቋንቋው እንግሊዝኛም ቢሆን የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከሥር ክፈቱለት። ሌላው ደግሞ ረዥም ፊልምን በሁለት ቀን ማየት ይቻላል። «ደርሱ ኡዛላ» ራሱ ሁለት ክፍል ነው፣ ለዚህ ይመቻል።

አጭር ልብ ወለድ

ዓይን ለሚደክም ሰው አጭር ልብ ወለድ! የጃክ ለንደን «እሳት ለማንደድ»፣ 1908። በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

ሰውየው በካናዳ ዩኮን በረዶ ላይ ከውሻው ጋር ብቻውን ይጓዛል። ከመነሣቱ በፊት አንድ ሽማግሌ «ብርዱ እንዲህ ሲበረታ ማንም ብቻውን አይጓዝ» ብሎ መክሮት ነበር። እሱ ግን ሽማግሌውን እንደ ፈሪ ቆጥሮ በልቡ ስቆበታል። ከዚያ እግሩ ውኃ ውስጥ ይገባል። እሳት ማንደድ አለበት፣ ጣቶቹ እየደነዘዙ ነው።

ይህ መትረፍን ሳይሆን አለመትረፍን የሚተርክ ነው። ግን ለአባትሽ ዕድሜ የተጻፈ ያህል ነው የሚሰማኝ፤ ሽማግሌው አንዴም ሳይታይ ታሪኩን ሁሉ ይሞላዋል። ሰውየው እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚያስበው እሱን ነው። ጮክ ብለሽ ብታነቢለት ደግሞ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ድምፅሽ አይደክምም።

ወንዝ ተከታይ

እትዬ፣ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ደም የሌላቸውን ልጨምር። «አፖሎ 13»፣ 1995። በ1970 ጠፈር ላይ የኦክስጅን ታንክ ፈንድቶባቸው የተመለሱት ሦስት ሰዎች ታሪክ ነው። ያተረፏቸው መሬት ላይ ሸሚዝ ለብሰው የተቀመጡ መሐንዲሶች ናቸው። አራት ማዕዘን ማጣሪያን ክብ ቀዳዳ ላይ ለመግጠም በእጃቸው ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያስቡ ማየት ያስደስታል።

«ሰርቲን ላይቭስ» (አሥራ ሦስት ነፍሶች)ም አለ፣ 2022። በ2018 ታይላንድ ዋሻ ውስጥ ጎርፍ ያገታቸው 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው። ልጆቹን መጀመሪያ ያገኟቸው ጠላቂዎች ወታደሮች አልነበሩም፤ ዋሻ መጥለቅን በትርፍ ጊዜያቸው ለዓመታት የያዙት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሪክ ስታንተን ከሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር። አባትሽ ይህን ይወደዋል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ግን አይየው።

የማልመክረው አንድ አለ፦ የኮርማክ ማካርቲ «ዘ ሮድ»። ታላቅ መጽሐፍ ነው፣ በ2007 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ። ግን አባት ልጁን ይዞ በጠፋ ዓለም ውስጥ ሲሄድ፣ እየታመመ፣ «እኔ ከሌለሁ ይህ ልጅ ምን ይሆናል» እያለ ነው። ዕድሜው ለገፋ አባት ይህ ጥያቄ ሌሊት አያስተኛም።

ደቡብ ዋልታ

እዚህ ላይ አልስማማም። ያንን ጥያቄ አባቶች መጽሐፉን ሳያነቡም ይጠይቁታል። ልጁ መጨረሻ ላይ «እሳቱን»፣ ማለትም በውስጣቸው ያለውን በጎነት፣ ተሸክሞ መቀጠሉ ለብዙ አባት መጽናኛ ነው። ግን አንደኛ መጽሐፍ አይሁን፣ ሌሎቹን ካነበበ በኋላ ይሁን።

አንድ ልጨምር። ኤዳ ብላክጃክ የምትባል የአላስካ ኢንዩፒያት ሕዝብ ተወላጅ ሴት ታሪክ አለ፤ ጄኒፈር ኒቨን በ2003 ጽፋዋለች። በ1921 ከአራት ወንዶች ጋር ልብስ ሰፊ ሆና በአርክቲክ ወዳለው ራንግል ደሴት ሄደች። የሄደችው የታመመ ልጇን የምታሳክምበት ገንዘብ ለማግኘት ነው። ሦስቱ ወንዶች እርዳታ ፍለጋ በበረዶው ላይ ሄደው አልተመለሱም፣ አራተኛው ታሞ እዚያው ሞተ። መተኮስና ማጥመድ ራሷን አስተምራ እስከ ነሐሴ 1923 ቆየች። ለእናትሽ ብትሆን ደስ ይለኛል።

የአባቷ ልጅ

ሁላችሁም ተባረኩ። ትናንት ማታ ለሁለቱ ምርጫውን አቀረብኩላቸው፤ እትዬ እንዳሉት ሳልደብቅ፣ የቱ እንደሚያሳዝን፣ የቱ እንደሚያስደነግጥ ነግሬ። አባቴ «ሣር እጨድ» የምትለዋን ሲሰማ «እሱን አምጪ» አለ። እናቴ ደግሞ ሁለቱ አሮጊቶች ካልቀደሙ እንደማታይ አስታወቀች። ስለዚህ መጽሐፉ ይቀድማል፣ ቅዳሜና እሑድ ፊልሙ። «ኢንዱራንስ»ን በኦዲዮ ልይዝለት ነው። ጋሼ፣ እሱ ላይ ምክር ካለዎት?

ጋሽ መነጽር

አለኝ፣ ልጄ። ከመግዛትሽ በፊት የአንባቢውን ናሙና አንቺ ሳትሆኚ እሱ ይስማው፤ ወፍራምና ረጋ ያለ ድምፅ ለደከመ ጆሮ ይቀላል። ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ አሳዪው። የአንታርክቲካን ካርታ በትልቁ አትመሽ አጠገቡ አስቀምጪለት። ቦታዎቹን በጣቱ እየተከተለ ሲሰማ አይጠፋበትም።

እትዬ ንባብ

እናትሽ መጽሐፉን ስትጨርስ ስለ ልጅቷ ዝምታ ምን እንዳለች እዚህ ጻፊልን። እኔ እስካሁን አልወሰንኩም፤ ልፈርድባት ወይስ ላዝንላት።